ጊታር፦ የስሙ መነሻ፣ አመራረጡ፣ ክር አቀያየሩና በአራቱ ቅኝቶች አጨዋወቱ

ጊታር የሚለው ስም ሲጀመር አንገትና ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉ ቀጫጭን ብረቶች) ላለው መሣሪያ አልነበረም። የጥንት ግሪኮች ኪታራ የሚሉት መሣሪያ ከእንጨት የተሠራ የድምፅ ሣጥን፣ ከሣጥኑ ወደ ላይ የሚወጡ ሁለት ምሰሶዎች፣ ምሰሶዎቹን የሚያገናኝ ቀንበር፣ ከቀንበሩ ወደ ሣጥኑ የተወጠሩ ብዙውን ጊዜ ሰባት አውታሮች ነበሩት። በገና ያየ ሰው ይህን መልክ ለመገመት አይቸገርም። ሊራ የሚሉት ሌላው መሣሪያቸው ደግሞ አነስ ያለና በኤሊ ቅርፊት ላይ ቆዳ የተወጠረበት ስለነበር ወደ ክራር ይቀርባል። የጊታርን ስም ይዞ ወደ ኋላ የሚሄድ ሰው በመጨረሻ የሚደርሰው በገናን የሚመስል መሣሪያ ዘንድ ነው።

ይህን ማወቅ ለተማሪም ይጠቅማል። በክራርና በበገና እያንዳንዱ አውታር የራሱ አንድ ድምፅ አለው፤ ከትዝታ ወደ ባቲ ለመሄድ መቃኛውን ማዞር ያስፈልጋል። ጊታር ላይ ግን ክሩ አንዴ ከተቃኘ በኋላ አይነካም። ፍሬት ላይ ሲጫኑት ርዝመቱ ስለሚያጥር አንዱ ክር ብዙ ድምፅ ይሰጣል፤ ቅኝቱን የሚለውጡት ጣቶች ናቸው። ክራር ለምዶ ወደ ጊታር የሚመጣ ሰው መጀመሪያ የሚደናገረው እዚህ ላይ ነው፤ ይህ ከገባው ግን ስድስቱን ክሮች ሳይነካ በአራቱም ቅኝት መጫወት ይችላል።

ስሙ የተጓዘበት መንገድ

የግሪኩ ኪታራ ወደ ላቲንም ወደ ዓረብኛም ገባ። ዓረብኛው ቂታራ አለው፤ ሙስሊሞች ይገዙት በነበረው የስፔን ምድር በኩል አልፎ በስፓኒሽ ጊታራ ሆነ። ፈረንሳይኛውና እንግሊዝኛው፣ በእነርሱም በኩል የእኛው «ጊታር» የመጡት ከዚህ ነው። ጣሊያኖች እስከ ዛሬ ኪታራ ይላሉ። በኦስትሪያና በደቡብ ጀርመን የታወቀው፣ ጠረጴዛ ላይ አስተኝተው የሚጫወቱት ዚተርም ስሙ ከዚሁ ሥር ነው።

ቃሉ ወደ ምሥራቅም ተጉዟል። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3፣ ሠለስቱ ደቂቅ ለምስሉ አንሰግድም ባሉበት ታሪክ፣ ናቡከደነፆር ሕዝቡን ለማሰገድ ካስመታቸው የዜማ መሣሪያዎች አንዱ በአራማይስጡ ጽሑፍ «ቃይትሮስ» ይባላል። ይህም ኪታራ የሚለው ቃል በአራማይስጥ አፍ ሲነገር ነው።

ታዲያ የምሰሶና የቀንበር መሣሪያ ስም አንገት ወዳለው መሣሪያ እንዴት ተላለፈ? በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ላቲን የሚጽፉ ሰዎች በጣት ወይም በመምቻ የሚመታውን ባለ ክር መሣሪያ ሁሉ በአንድ ስም መጥራት ለምደው ነበር። የጥንቱ ኪታራ ከአገልግሎት ሲወጣ ስሙ ሳይጠፋ ቀረና በኋላ የመጡት ባለ አንገት መሣሪያዎች ወረሱት። ብዙ ሰው ስሙን ከፋርስኛው «ታር»፣ ማለትም ክር ከሚለው ቃል ጋር ያያይዛል። የሕንዱ ሲታር በእርግጥም ከፋርስኛው «ሴ ታር»፣ ሦስት ክር፣ የመጣ ነው። ጊታር ግን ተመዝግቦ የሚገኘው መንገዱ በስፔን፣ በዓረብኛና በግሪክ በኩል ያልፋልና ሁለቱን ባንቀላቅላቸው ይሻላል።

ሦስቱ ዓይነቶች፣ ሦስቱ ክሮች

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጊታር አራት ረድፍ ክር ብቻ ነበረው፤ አብዛኛው ረድፍ ጥንድ ጥንድ ነው። ቀጥሎ አምስት ረድፍ ሆነ። ዛሬ የምናውቃቸው ስድስት ነጠላ ክሮች የጸኑት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ19ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። የዛሬውን ክላሲካል ጊታር ቅርጽና መጠን ያጸናው የአልሜሪያው ስፔናዊ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ (1817–1892) ነው። ገላውን አሰፋው፣ ክዳኑን ከውስጥ እንደ ማራገቢያ በተዘረጉ ቀጫጭን እንጨቶች ደገፈው፣ የክሩንም ርዝመት ወደ 65 ሳንቲ ሜትር አደረሰው። ክላሲካል ጊታር ዛሬም በብዛት የሚሠራው በዚህ ልክ ነው።

ክላሲካሉ ናይሎን ክር ነው የሚታሰርበት። ድሮ ክሩ ከበግ አንጀት ይሠራ ነበር፤ ናይሎን የተተካው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ሁለተኛው ዓይነት የብረት ክር ያለው፣ በተለምዶ ቦክስ ጊታር የምንለው ሲሆን ያደገው በአሜሪካ ነው፤ ክዳኑ ከውስጥ በመስቀልኛ ወፋፍራም እንጨቶች ተደግፏል፣ በአንገቱም ውስጥ የብረት ዘንግ ተቀብሯል። ሦስተኛው በ1930ዎቹ ገበያ ላይ የወጣው ኤሌክትሪክ ጊታር ነው። ከክሩ ሥር ያለው ማግኔትና የመዳብ ሽቦ ጥቅል የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚለውጥ የግድ የብረት ክር ያስፈልገዋል። ናይሎን ቢያስሩበት አይሰማም።

ገንዘብ ከሚያስከስሩ ስህተቶች የመጀመሪያው የብረት ክር በክላሲካል ጊታር ላይ ማሰር ነው። ስድስቱ የናይሎን ክሮች ተደምረው ክዳኑን የሚስቡት በ40 ኪሎ ገደማ ክብደት ነው፤ ቀላል የሚባለው የብረት ክር ስብስብ እንኳ 70 ኪሎ ያልፋል። የክላሲካሉ ክዳን ለዚህ አልተሠራም። ብሪጁ፣ ማለትም ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ክሮቹን የሚይዘው እንጨት፣ በሳምንታት ውስጥ ከኋላው መነሣት ይጀምራል፣ ክዳኑ ያብጣል፣ አንገቱ ወደ ፊት ይጎብጣል። የናይሎን ክር ጫፉ እንደ ፕላስቲክ ልሙጥ ነው፤ የብረት ክር ጫፍ ላይ ደግሞ ትንሽ የናስ ቀለበት ይታያል። ብሪጁ ላይ ክሩን በቋጠሮ የሚያስሩበት ከሆነ ጊታሩ የናይሎን ነው፤ የሚጎተቱ ስድስት ቁልፎች ካሉት የብረት ነው። ያገለገለ ጊታር ሲገዙ የታሰረበትን ክር ሳይሆን ብሪጁን ይመኑ።

ሲገዙ ምን ይመርምሩ?

ሜትር ይዘው ይሂዱ። ነት ከሚባለው፣ ከጭንቅላቱ ሥር ካለው የክር ማረፊያ እስከ 12ኛው ፍሬት ድረስ ይለኩ። ከዚያ ከ12ኛው ፍሬት እስከ ሳድል፣ ማለትም ብሪጁ ላይ እስከ ቆመው ነጭ ቀጭን ማረፊያ ድረስ ይለኩ። ሁለቱ ርዝመቶች እኩል ሊሆኑ ይገባል፤ የሁለተኛው ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር መብለጥ ትክክል ነው፣ ሆን ተብሎ የሚደረግ ማካካሻ ስለሆነ። 65 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጊታር የመጀመሪያው ልኬት 32.5 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ልዩነቱ 5 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ብሪጁ ያለ ቦታው ተለጥፏል፤ ያ ጊታር ምንም ቢያደርጉት ወደ ላይኛው ፍሬት ሲሄድ ከቅኝት ይወጣል። ዋጋው ርካሽ ነው ብለው አይውሰዱት።

ቀጥሎ የክሩን ከፍታ በ12ኛው ፍሬት ላይ ይዩ፤ ከፍሬቱ አናት እስከ ክሩ ሥር ማለት ነው። በክላሲካል ቀጭኑ ክር 3፣ ወፍራሙ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ደህና ነው። በብረት ክር 2 እና 2.5፣ በኤሌክትሪክ ደግሞ 1.5 እና 2 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ጀማሪ «ጣቴ አልታዘዝ አለኝ» ብሎ የሚተወው ጊታር ብዙውን ጊዜ ክሩ 5 እና 6 ሚሊ ሜትር ላይ የተሰቀለ ነው። ጥፋቱ የተማሪው ጣት አይደለም።

የአንገቱን ቀጥታነት ለማየት ወፍራሙን ክር በአንድ እጅ 1ኛው ፍሬት ላይ፣ በሌላው እጅ አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ይጫኑ። መሐል ላይ፣ 7ኛው ፍሬት አካባቢ፣ በክሩና በፍሬቱ መካከል የወፍራም ወረቀት ውፍረት የሚያህል ክፍተት፣ ማለትም ከ0.2 እስከ 0.3 ሚሊ ሜትር ሊኖር ይገባል። ጨርሶ ክፍተት ከሌለ አንገቱ ወደ ኋላ ሄዷል። ክፍተቱ 1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ ወደ ፊት ጎብጧል። የብረት ዘንግ ያለው ከሆነ ይስተካከላል፤ ክላሲካል ከሆነ ግን አብዛኛው ዘንግ ስለሌለው ይተዉት።

ከዚያ እያንዳንዱን ክር በእያንዳንዱ ፍሬት ላይ እየተጫኑ አንድ በአንድ ይምቱ። አሰልቺ ነው፤ ግን ከአሥር ደቂቃ አይበልጥም፣ ሻጩም መታገሥ አለበት። በመጨረሻ ብሪጁ ከኋላው ተነሥቶ እንደሆነ ቀጭን ወረቀት ከሥሩ ለማስገባት ይሞክሩ። ከገባ ማጣበቂያው ለቋል።

ለልጅ ሙሉውን መጠን አያሸክሙ። ሦስት አራተኛ የሚባለው የክር ርዝመቱ 58 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ላለ ልጅ በአብዛኛው ይመቻል።

ክር መቀየር

በየቀኑ የሚጫወቱበት የብረት ክር ከአንድ እስከ ሁለት ወር፣ ናይሎን እስከ ሦስት ወር ያገለግላል። ክሩ ሲያረጅ ድምፁ ይደፈርሳል፣ መቃኘትም እንቢ ይላል፤ ላብና ቆሻሻ በአንዳንድ ቦታው ላይ ስለሚያከብደው እኩል አይንቀጠቀጥም። ለብረት ክር ጀማሪ ቀጭኑ ክር 0.011 ወይም 0.012 ኢንች የሆነውን ስብስብ ይግዛ። ለኤሌክትሪክ 0.009 ወይም 0.010 ይበቃል።

ክሮቹ የሚቆጠሩት ከቀጭኑ ነው፤ ቀጭኑ 1ኛ፣ ወፍራሙ 6ኛ ይባላል።

የብረት ክር ሲያስሩ የናሱን ቀለበት ብሪጁ ላይ ባለው ቀዳዳ ውስጥ ከተው ቁልፉን፣ ስንጥቁ ወደ ክሩ በኩል እንዲዞር አድርገው ያስገቡ። አሁን ቁልፉን በአውራ ጣት ይዘው ክሩን ወደ ላይ ይሳቡት፤ ቀለበቱ ከክዳኑ ሥር ካለው እንጨት ጋር ሲገናኝ ይሰማዎታል። ብዙዎች ይህን ሳያደርጉ ያጠብቁትና ቁልፉ ተወርውሮ ይወጣል። ወደ መቃኛው ሲደርሱ ክሩን በቀዳዳው አሳልፈው ከመቃኛው አልፎ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ልል ይተዉ። ወፍራሞቹ ሁለት ወይም ሦስት ዙር፣ ቀጫጭኖቹ አራት ዙር ገደማ ይበቃቸዋል፤ ዙሮቹ አንዱ በሌላው ላይ ሳይደረቡ ወደ ታች መውረድ አለባቸው። ዙሩ ከበዛ ዙሮቹ ቀስ በቀስ እየተጠጋጉ ክሩን ስለሚያላሉት ቅኝቱ ይወርዳል፤ ካነሰ ደግሞ ይንሸራተታል።

የናይሎን ክር ብሪጁ ላይ በቋጠሮ ይታሰራል። በቀዳዳው አስገብተው ከኋላ ያውጡት፣ ከራሱ ሥር መልሰው ይጠምጥሙት። ወፍራሞቹን አንድ ጊዜ፣ ልሙጦቹን ሦስት ጊዜ መጠምጠም ይበቃል። የመጨረሻው መጠምጠሚያ ከብሪጁ ጠርዝ ኋላ፣ ወደ ታች በኩል መያዝ አለበት። ከላይ ከቀረ ክሩ በተቃኘ ሰዓት ይፈታና ጫፉ ክዳኑን እንደ ጅራፍ ይገርፈዋል፤ ብዙ ክላሲካል ጊታሮች ላይ ከብሪጁ ኋላ የሚታዩት ጭረቶች ከዚህ የመጡ ናቸው።

አዲስ ክር ይለጠጣል። ከቃኙት በኋላ መሐሉን በሁለት ጣት ይዘው ከጊታሩ ገላ በቀስታ ያርቁት፣ እንደገና ይቃኙ፣ ይህን አራት አምስት ጊዜ ይደጋግሙ። የብረት ክር በዚያው ቀን ይረጋል። ናይሎን ግን ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ይፈጃል፤ ለሠርግ ወይም ለመድረክ የሚዘጋጅ ሰው ናይሎን ክሩን በዋዜማው መቀየር የለበትም።

መቃኘት

ከ6ኛው ወደ 1ኛው ሲቆጠር ክሮቹ ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው፤ በሌላው አጠራር ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል፣ ሲ፣ ሚ። በቁጥር 82.4፣ 110፣ 146.8፣ 196፣ 246.9 እና 329.6 ሄርዝ ይሆናሉ። የስልክ መቃኛ መተግበሪያ ይበቃል፤ ሆኖም ጆሮ የማይሠለጥነው መቃኛውን ብቻ ሲያዩ ነው። ስለዚህ 5ኛውን ክር ብቻ በስልኩ መቃኛ ያስተካክሉና የቀሩትን በጆሮ ይቃኙ። 6ኛውን 5ኛ ፍሬት ላይ ሲጫኑ ክፍቱን 5ኛ ክር ይሰጣል። የ5ኛው 5ኛ ፍሬት ለ4ኛው፣ የ4ኛው 5ኛ ፍሬት ለ3ኛው ነው። የ3ኛው ግን 4ኛ ፍሬት ላይ ነው ለ2ኛው የሚሆነው፤ ይህን መርሳት የተለመደ ነው። የ2ኛው 5ኛ ፍሬት ለ1ኛው።

ሁለቱን ክሮች አብረው ሲመቱ ድምፁ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ይላል። ሲቀራረቡ ማዕበሉ ይዘገያል፣ ሲገጥሙ ይቆማል። የሚያዳምጡት ይህንን ነው።

ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይቃኙ። ድምፁ ካለፈ ትንሽ ያውርዱትና እንደገና ወደ ላይ ይምጡ። ከላይ ወደ ታች ቃኝተው ከተዉት መቃኛው ጥርሶች ውስጥ ልል ይቀራል፤ ሁለት ዜማ ሳይጫወቱ ክሩ ይወርዳል። ሲያዞሩት «ጠቅ» ብሎ የሚዘል ክር ካለ ነቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ይዞታል። ክሩን አንሥተው ስንጥቁን በእርሳስ ጫፍ ይቀቡት፤ የእርሳሱ ዱቄት ያንሸራትተዋል።

ጊታሩ ከክራር ጋር የሚጫወት ከሆነ ክራሩ የተቃኘው ለዘፋኙ ድምፅ እንጂ የስልክ መቃኛ መነሻ ለሚያደርገው ለ440 ሄርዝ ኤ እንዳልሆነ ያስቡ። መጀመሪያ ካፖ፣ ማለትም ስድስቱንም ክሮች በአንድ ፍሬት ላይ አጥብቆ የሚይዝ መቆንጠጫ፣ አስረው በጣም የሚቀርበውን ፍሬት ያግኙ፤ የቀረውን ትንሽ ልዩነት የጊታሩን መቃኛዎች በማዞር ያስተካክሉ። ካፖ ካሰሩ በኋላ ሳይቃኙ መጀመር አይገባም፤ ካፖው ክሩን ትንሽ ስለሚለጥጠው ድምፁን ከፍ ያደርገዋል።

አራቱ ቅኝቶች በአንድ ክር ላይ

ፒያኖም ጊታርም ኦክታቭን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ ተነሥቶ ያው ድምፅ ከፍ ብሎ እስኪደገም ያለውን ርቀት፣ በ12 እኩል ግማሽ ድምፅ ይከፍላሉ። አንድ ፍሬት አንድ ግማሽ ድምፅ ነው። ስለዚህ ቅኝትን በቁጥር መያዝ ይቻላል። 5ኛውን ክር ብቻ ይውሰዱ፤ 0 ማለት ክፍቱ ክር ነው፣ 12ኛው ፍሬት ላይ ሲደርሱ ወደ መነሻው ድምፅ በኦክታቭ ይመለሳሉ።

ትዝታ ሜጀር፦ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9
ትዝታ ማይነር፦ 0፣ 2፣ 3፣ 7፣ 8
ባቲ ሜጀር፦ 0፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11
ባቲ ማይነር፦ 0፣ 3፣ 5፣ 7፣ 10
አምባሰል፦ 0፣ 1፣ 5፣ 7፣ 8
አንቺሆዬ፦ 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9

በአንድ ክር ላይ መጀመር ከሁሉ የተሻለው መንገድ ነው። ክፍተቶቹ በዓይን ስለሚታዩ አምባሰል ለምን እንደሚከነክን፣ አንቺሆዬ ለምን እንደማይረጋ ጣትዎ ያውቀዋል። አምባሰልና አንቺሆዬ ሁለቱም ከመነሻቸው አንድ ግማሽ ድምፅ ወጥተው ወደ 5ኛው ፍሬት ይዘላሉ፤ እስከዚያ ድረስ አንድ ናቸው። የሚለያያቸው ቀጣዩ ነው። አምባሰል 7ኛው ላይ ያርፋል፣ አንቺሆዬ ግን 6ኛው ላይ ይቆማል። ጀማሪ እዚህ ላይ በአንድ ፍሬት ከተሳሳተ ቅኝቱ ተቀየረ ማለት ነው። ከ5 ወደ 6 እና ከ5 ወደ 7 እየተመላለሱ ይለማመዱ።

ከዚያ ወደ ሌሎቹ ክሮች ይሻገሩ። አምባሰል ለጀማሪ በጣም የሚመቸው ከ5ኛው ክር ሲነሣ ነው፤ 5ኛው ላይ 0 እና 1፣ 4ኛው ላይ 0፣ 2 እና 3፣ ከዚያ 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ኦክታቩን ያገኛሉ። አንቺሆዬ 5ኛው ላይ 0 እና 1፣ 4ኛው ላይ 0፣ 1 እና 4፣ ኦክታቩ እዚያው 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ። ትዝታ ማይነር 5ኛው ላይ 0፣ 2 እና 3፣ 4ኛው ላይ 2 እና 3። ባቲ ሜጀር 5ኛው ላይ 0 እና 4፣ 4ኛው ላይ 0 እና 2፣ ቀጥሎ 3ኛው ክር 1ኛ ፍሬት፣ ኦክታቩም እዚያው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ። ባቲ ማይነርን ከ5ኛው ፍሬት ጀምሮ ቢይዙት ይቀላል፤ 6ኛው ክር 5 እና 8፣ 5ኛው፣ 4ኛውና 3ኛው 5 እና 7፣ 2ኛውና 1ኛው 5 እና 8። ትዝታ ሜጀር ደግሞ ከ2ኛው ፍሬት፦ 6ኛው 2 እና 5፣ 5ኛው፣ 4ኛውና 3ኛው 2 እና 4፣ 2ኛውና 1ኛው 2 እና 5፤ መነሻው 6ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ነው።

ኮርድ፣ ማለትም አብረው የሚመቱ ድምፆች፣ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከኤ ሲነሡ ትዝታ ሜጀር ውስጥ ሙሉ ሆነው የሚገኙት ኤ ሜጀርና ኤፍ ሻርፕ ማይነር ናቸው። ኢ ሜጀር ኮርድ ከያዙ ጂ ሻርፕ ትገባለች፤ እርሷ በትዝታ ውስጥ የለችም፣ ዘፈኑም ወዲያው የሌላ አገር ዘፈን ይሆናል። ኢ ካስፈለገ ኢና ቢን ብቻ ይምቱ። ትዝታ ማይነር ኤ ማይነርንና ኤፍ ሜጀርን፣ ባቲ ማይነር ኤ ማይነርንና ሲ (C) ሜጀርን ይቀበላል። ባቲ ሜጀር ኤ ሜጀርንና ሲ ሻርፕ ማይነርን ይይዛል።

አምባሰል ከኤ ሲነሣ በውስጡ ሲም ሲ ሻርፕም የሉበትም። ስለዚህ ኤ ሜጀርም ኤ ማይነርም እንግዳ ድምፅ ያስገባሉ፤ የብዙ አጃቢ ጊታር ተጫዋች ስህተት ይህ ነው። የሚገጥሙት ዲ ማይነርና ቢ ፍላት ሜጀር ናቸው። መነሻው ላይ ማረፍ ሲያስፈልግ ኤና ኢን ብቻ አብሮ መምታት ነው። አንቺሆዬ ይህንንም አይፈቅድም፤ በውስጡ ኢ የለችም። ዲ ሜጀርና ኢ ፍላት ማይነር ውስጡ አሉ፤ ያም ሆኖ አንቺሆዬን ከኮርድ ይልቅ በነጠላ ድምፅ፣ ከዘፋኙ ጎን ጎን እየሄዱ ማጀብ ይመረጣል።

ፍሬት የማይሰጠውን ጥቃቅን ድምፅ ዘፋኙና ማሲንቆው ይሰጣሉ። ጊታር ወደዚያ የሚቀርበው ክሩን በጣት ገፋ በማድረግ ወይም ከአንዱ ፍሬት ወደ ሌላው በማንሸራተት ነው። በአይቤክስና በሮሃ ባንድ የተጫወተውን የሰላም ስዩም ወልደማርያምን ጊታር የሚያዳምጥ ሰው ይህ በኤሌክትሪክ ጊታር እንዴት እንደሚሠራ ይማራል።

ሲያነዝር

በገና ላይ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው፣ ማለትም በአውታሮቹ ማረፊያ፣ መካከል እንዚራ የሚባል ትንሽ ቆዳ የሚገባው ድምፁ እንዲያነዝር ተፈልጎ ነው፤ የበገና ግርማ ከዚያ ይመጣል። ጊታር ላይ ግን መንዘር የአንድ ጉድለት ምልክት ነው፣ ቦታውም ምክንያቱን ይናገራል። ክፍቱ ክር ብቻ የሚያነዝር ከሆነ ነቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ከመጠን በላይ ወርዷል። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት የሚያነዝር ከሆነ አንገቱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ ዘንጉ ይላላ። ከ12ኛው ወዲያ ብቻ ከሆነ ሳድሉ ዝቅ ብሏል። አንድ ፍሬት ላይ ሲጫኑ ብቻ ከሆነ ቀጥሎ ያለው ፍሬት ተነሥቷል፤ ይህ የባለሙያ ሥራ ነው።

ዘንጉን ሲያዞሩ በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይበልጡ። ወደ ቀኝ ማጥበቅ አንገቱን ወደ ኋላ ይስባል፣ ወደ ግራ ማላላት ወደ ፊት እንዲጎብጥ ይፈቅድለታል። ካዞሩ በኋላ ቃኝተው አንድ ቀን ይጠብቁ፤ እንጨቱ ወዲያው አይታዘዝም። ካስቸገረ አያስገድዱት፤ ዘንጉ ከተሰበረ ጥገናው ከብዙ ጊታሮች ዋጋ ይበልጣል።

12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳይጫኑ በጣት ነካ አድርገው ሲመቱት የሚሰጠው ጥርት ያለ ድምፅና ተጭነው ሲመቱት የሚሰጠው አንድ መሆን አለባቸው። የተጫኑት ከፍ ካለ በኤሌክትሪኩ ላይ ሳድሉን ወደ ኋላ፣ ከአንገቱ ያርቁት፤ ዝቅ ካለ ወደ ፊት ያምጡት። ክሩ አሮጌ ከሆነ ግን መጀመሪያ ይቀይሩት፤ ያረጀ ክር በትክክለኛ ጊታር ላይም ይዋሻል።

በበጋ ወራት የአዲስ አበባ አየር ይደርቃል፤ በገልፍ አገሮችም የቤት ማቀዝቀዣ እንዲሁ ያደርቃል። ለእንጨቱ የሚስማማው ከ45 እስከ 55 በመቶ እርጥበት ነው። ሲደርቅ አንገቱ ይጠባል፣ የፍሬቶቹ ጫፍ ከጎን ወጥቶ እጅ ይቧጥጣል፤ ይህ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ቀጣዩ የክዳኑ መሰንጠቅ ነው። ጊታሩን በሣጥኑ ውስጥ ያኑሩ፤ ክዳኗ በቀዳዳ የተበሳሳ የሳሙና መያዣ ውስጥ እርጥብ፣ ግን የማይንጠባጠብ ስፖንጅ አድርገው ከአንገቱ ጎን ያስቀምጡ። በየአራት ቀኑ ያርጥቡት። ክረምቱ ሲገባ ያውጡት።